በአረንጓዴው ላይ የጠፋው ቀይ

ብሩክታይት ቢቸና ሥዕል ታስተምራለች። የኔሰው ደግሞ ሞጣ ላይ በሲልክስክሪን፣ ቀለም በተወጠረ ጨርቅ እያሳለፈ፣ የማኅበርና የሠርግ ቲሸርት ያትማል። የተገናኙት የተማሪዎቿን ቲሸርት ልታሳትም ሄዳ፣ ሽቦ ላይ ተሰቅሎ የሚደርቅ ወረቀት ባየች ጊዜ ነው። ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፤ የቀለም አራት ማዕዘኖች ብቻ።

«ሁለቱ ግራጫዎች ያምራሉ» አለችው።

«አንድ ግራጫ ነው» አላት። ዙሪያቸውን በእጆቹ ሸፈነላት፤ እውነትም አንድ ነበር። «አንዱን ቀይ ጎረቤቱ፣ ሌላውን አረንጓዴ ጎረቤቱ ለውጦብሽ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞጣው አውቶቡስ አትጠፋም። እሷ ትነድፋለች፣ እሱ ያትማል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋገሩ።

ፋሲካ አለፈ፤ ሽማግሌ አልመጣም። ይባስ ብሎ የኔሰው ይሸሻት ጀመር። ከአንድ ትሪ አብሯት አይበላም፤ ስትቀርበው ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ብሩክታይት ሌላ ሴት አለችው ብላ ጠረጠረች።

ለባሕር ዳር ዐውደ ርእይ የነደፈችው ሥራ ታትሞ ለማየት በሄደች ዕለት ክው አለች። በአረንጓዴው መካከል ሊነድ የሚገባው ቀይ የለም። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ታትሟል፤ ወረቀቱ ሁሉ እንደዚያው።

«ቀዩ የት አለ?»

«መካከሉ ላይ ነዋ።»

«ልትተወኝ ከሆነ በአፍህ ንገረኝ። ለምን ሥራዬን ታበላሻለህ?»

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ ሲፈልግ አየችው። ንዴቷ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። የቀይና የአረንጓዴ ቀለም ጣሳ አንስታ ፊት ለፊቱ ያዘች።

«የኔሰው፣ ቀዩ የትኛው ነው?»

እጁ በሁለቱ መካከል ቀረ። «ሁለቱም አመድ ሆነውብኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሳንባዬን ታምሜ መድኃኒት ላይ ነኝ። እንዳይጋባብሽ ነው የራቅሁሽ። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ቀለም እየጠፋብኝ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባትሽ መሪጌታ ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ልጃቸውን ይሰጣሉ?»

እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ ጉዳቱ ከክኒኖቹ ከአንዱ የመጣ መሆኑን ነገራቸው፤ እሱን አቋርጦ ሌላ ሰጠው። ሳንባው እየዳነ ነው፤ ከእንግዲህ ወደ ሰው አይጋባም። ስለ ዓይኑ ግን «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አለ። «ቀለሙ ሲጠፋብህ ወዲያው መምጣት ነበረብህ።»

ብሩክታይት ቢቸና ተመልሳ ለአባቷ ለመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እናትሽን የቀበርኳት በዚሁ በሽታ ነው» አሉ። «ዳግመኛ እንዲህ ያለ መቃብር አፍ ላይ አልቆምም። ከሄድሽ አትመለሺ።»

«አባባ፣ እሱ እኮ እየዳነ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እያየች ወጣች።

ሞጣ ስትደርስ የኔሰው ሻንጣዋን ሲያይ ነገሩ ገባው። «ተመለሺ» አላት። «ቀለም የማይለይ አታሚ ምን ያደርግልሻል?»

«ቀለሙን እኔ እበጠብጣለሁ፤ አንተ ታትማለህ።»

«ባይመለስልኝስ?»

ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የኔሰው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እጇን ያዘ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ እየጣለ፣ ተጋቡ። ከቢቸና የመጣ ሰው አልነበረም። የኔሰው ሳንባው ድኗል፤ ቀዩ ግን እስካሁን አልተመለሰለትም።