ለዓሦች የተሰጠ ጉርሻ

እየሩስ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከእናቷ ከቅድስት ጋር፣ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለች ትንሽ የጓሮ ቤት ውስጥ ነው። አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ቢሆንም ለአዲሶቹ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስል ከመጀመሪያው ልጀምር።

የፊት ለፊቱ ቤት የጋሼ ብርሃነመስቀል ነው። ጋሼ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው ዓሣ ያረባሉ። መሀል ከተማ ጓሮ ውስጥ ምን ዓሣ አመጣው እንዳትሉኝ፤ እኔም መጀመሪያ ሳይ እንደዚያው ብዬ ነበር። ጓሮው ውስጥ አንድ ትልቅ ታንክ አለ። ታንኩ ውስጥ ቆሮሶ የሚባሉ አርባ ዓሦች ይዋኙ ነበር። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ የሎስ አንጀለስ ፀሐይ ተስማምቶታል። ከታንኩ በላይ ጠጠር የተሞሉ ሳጥኖች አሉ፤ ጠጠሩ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና በሶብላ በቅሏል። ፓምፑ ዓሦቹ ያቆሸሹትን ውሃ ወደ ጎመኑ ይወስዳል። ለዓሣው ቆሻሻ የሆነው ለጎመኑ ምግብ ነው። ጎመኑ ድርሻውን ወስዶ፣ ውሃው ጠርቶ ተመልሶ ወደ ዓሦቹ ይወርዳል።

ጋሼ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲፈታ ዓሣ ጠብሰው ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ያበላሉ። አምና ሦስት ጊዜ ተሰልፎ የበላ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ አሁን እዚህ ተቀምጦ መሬት መሬት እያየ ነው።

ዘንድሮ በፍልሰታ ጋሼ ለአንድ ሳምንት ሱባኤ ሊገቡ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት እየሩስን ጠርተው አንዲት የቆርቆሮ ማንኪያ ሰጧት።

«በቀን አንድ ጊዜ፣ በዚህች ማንኪያ አንድ። ሲለምኑሽ አትስሚያቸው፤ ዓሣ ጠግቦም ይለምናል። ፓምፑን ደግሞ ቼክ አድርጊ፤ ውሃው ሲወርድ ድምፁ መሰማት አለበት» አሏት።

«ኦኬ ጋሼ፣ አታስብ» አለች። እዚህ አገር ያደጉ ልጆች አንቱ ማለት እንደሚያቅታቸው ታውቃላችሁ። ጋሼም ለምደውታል። በየቀኑ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሻለሁ ብለዋት ሰኞ ጠዋት ሄዱ።

ሰኞ ሁሉም በትእዛዙ መሠረት ሆነ። ማክሰኞ ግን ነገር መጣ። እየሩስ እንደ እናንተ ቅዳሴ እስኪያልቅ ትጾማለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሆዷ ይጮህ ጀመር። ታንኩ ጋ ሄደች። ዓሦቹ ተግተልትለው መጡና አፋቸውን ከፈቱ። አርባ አፍ፣ አስቡት። እየሩስ አዘነችላቸው። እኔ የምጾመው ለእግዚአብሔር ብዬ ነው፣ እነዚህ ምስኪኖች ግን ምን አጥፍተው ይራባሉ ብላ አሰበች።

እናቷ የምትሠራው ፌርፋክስ ላይ ባለ ምግብ ቤት ነው፤ የተረፈ እንጀራ ከቤታቸው አይጠፋም። እናቷ ከሥራ መጥታ ጋደም ብላ ነበር። እየሩስ ቀስ ብላ ገብታ አንድ እንጀራ ይዛ ወጣች። ቆርሳ ጣለችላቸው። ተሻሙበት። ደስ አላት፤ ሌላም ጨመረች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትላቸው ነበር። አትሳቁባት። እኛስ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ እንዲህ አይደል የምናደርገው? በቃኝ ያለውን ሰው ስንት ጊዜ ነው የምናጎርሰው?

ረቡዕም ሐሙስም እንዲሁ አደረገች። ማንኪያዋን ረሳቻት። ሐሙስ ከሰዓት ውሃው ደፍርሶ አገኘችው። ዓሦቹ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አየር አጥሯቸው ነበር። እየሩስ ግን ረሃብ መሰላትና አንድ እንጀራ ጨመረችላቸው። የውሃው ድምፅ መቅጠኑንም ሰምታለች። ሰምታ ግን ለመናገር ፈራች።

የዚያን ቀን ጋሼ ሲደውሉ እናቷ ስልኩን ሰጠቻት።

«ዓሦቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለች።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈዋል። በፌስታል ጠቅልላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለቻቸው። ጋሼ ደወሉ፤ ደህና ናቸው አለች። ቅዳሜ ዘጠኝ ሞቱ። ጋሼ ደወሉ፤ አሁንም ደህና ናቸው አለች። ልጆች፣ የመጀመሪያው ውሸት ከብዷት ነበር። ሦስተኛው ግን ሳይታሰብ ወጣ። እኔን ከዓሦቹ ይልቅ ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

እሑድ እየሩስ ነጠላዋን ለብሳ ለመቁረብ ከልጆቹ ጋር ተሰለፈች። ሰልፉ ቀረበ። ከፊቷ አራት ልጆች ቀሩ፣ ከዚያ ሁለት። እየሩስ ከሰልፉ ወጣች። እናቷ ደንግጣ ተከትላ ወጣችና ምን ሆነሽ ነው አለቻት።

«እማዬ፣ ጋሼን ዋሽቼዋለሁ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ እንጀራውን፣ ፌስታሉን፣ የውሃውን ድምፅ።

ቅድስት አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም ጊዜ አልነበረም። ቅዳሴው እንዳለቀ ጋሼ ጋ ደውላ ስልኩን ለልጇ ሰጠች። አንቺው ንገሪያቸው አለቻት። እየሩስ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ የፓምፑን መምጠጫ አጽዱ፣ የታንኩን ውሃ ግማሹን ቀድታችሁ ሎሚው ሥር አፍስሱ፣ በበርሜል ባጠራቀምኩት ውሃ ተኩ፣ የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት በቀጥታ እንዳትጨምሩ አሉ።

«ምግብስ?» አለች እየሩስ።

«ሦስት ቀን ምንም። ይጹሙ።»

«በረሃብ ይሞታሉ እኮ ጋሼ።»

«አይሞቱም። የሞቱት በጥጋብ ነው» አሏት።

እናትና ልጅ የእሑድ ልብሳቸውን ቀይረው ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ከቅዳሜ ወዲህ የሞቱትን አሥራ ሁለት ዓሦች አወጡ። ቅድስት ፓምፑን ነቅላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። ከውስጡ እፍኝ ሙሉ የላቆጠ እንጀራ ወጣ። እየሩስ ውሃውን በባልዲ እየቀዳች ስትመላለስ ነጭ ቀሚሷን ባትቀይር ኖሮ ጉድ ነበር። ሲመሽ ውሃው ጠጠሩ ላይ እንደ ድሮው ይንፎለፎል ጀመር።

ጋሼ ሰኞ መጡ። ሻንጣቸውን ሳያስገቡ በቀጥታ ጓሮ ሄዱ። እየሩስ ታንኩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ዓሦቹን ቆጠሩ፤ አሥራ ሰባት ቀርተዋል። ጋሼ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።

«ርቧቸው መስሎኝ ነው» አለች እየሩስ።

«አውቃለሁ። ማብላትሽን እንደ ጥፋት አልቆጠርኩትም፤ አዝነሽ ነው። ግን እየሩስዬ፣ ሐሙስ ስደውልልሽ ስንቱ ሞቶ ነበር?»

እየሩስ አሰበች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንድም አልሞተም ነበር» አለች።

«አንድም» አሉ ጋሼ። እየሩስ ጉያቸው ውስጥ ገብታ አለቀሰች፤ እሳቸውም እስኪወጣላት ድረስ አቀፏት። ስትረጋጋ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ማንኪያ አውጥታ መለሰችላቸው።

ጋሼ ማንኪያዋን አገላብጠው አዩዋት። መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ከነገ ወዲያ ጾማቸውን ይፈታሉ። በቀን አንድ» አሏት።

እንግዲህ ፍልሰታ ሲፈታ ዓሣው የት ሄደ ብላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር። የቀሩት ዓሦች ገና ማገገም ነበረባቸው፤ ስለዚህ ጋሼ ጎመን በድስት ይዘው መጡ። የዚያን ቀን ድስቱ አጠገብ ቆማ ለእያንዳንዳችሁ ስታወጣ የነበረችው እየሩስ ናት። በማግስቱ እኔ ጋ መጥታ ታሪኩን ንገሪያቸው አለችኝ። ስምሽን ልቀይረው ወይ አልኳት። አይ፣ ታሪኩ የኔ ነው አለችኝ።

ስለዚህ ልጆች፣ ስናጠፋ ያንኑ ቀን እንናገር፤ የተናገሩት ጥፋት ይታረማል፣ የደበቁት ግን በየቀኑ ያድጋል።