ጠመኔ የሌለበት ትምህርት ቤት

ልጅቷ የተገኘችው ከቤተ መጻሕፍቱ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ግንባሯን የሒሳብ ደብተሯ ላይ ደፍታ፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ሦስት ቀን ስለቀረ፣ ያዩዋት ሁሉ ጥናት ደክሟት የተኛች መስሏቸው ድምፃቸውን ቀንሰው አልፈዋታል። ሐኪሙ ግን የሚያነቃ ክኒን ከአቅሟ በላይ ወስዳ ልቧ እንደቆመ ተናገረ።

መርማሪዋ የመጣችው ተበሳጭታ ነው። አምና በዚሁ ግቢ ተማሪዎች ክኒን ይወስዳሉ ተብሎ ስትላክ «እኛ ጋ? በፍጹም!» ብለው በሻይ ሸኝተዋታል። እሷም «ምንም የለም» ብላ ፈርማ ወጥታለች። ዛሬ ያ «በፍጹም» አስከሬን ሆኖ ጠበቃት፤ ከሁሉም በላይ የተናደደችው በራሷ ፊርማ ነበር።

«ዕፅ የሚባል ነገር በዚህ ግቢ ሰምቼ አላውቅም» አለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከረባቱን እያስተካከለ። የውድድሩን ቡድን የሚያሠለጥነው እሱ ነው። «እናቷ እዚሁ ጽዳት ናት፤ ልጅቷ የምትማረው በነፃ ነው። የእሷ ብጤ ክኒን ከየት ታመጣለች?»

የትምህርት ቤቱ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት፣ «አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብላኝ አታውቅም» አለች። ቦርሳ የሚፈትሸው ጥበቃ ደግሞ መሐላውን አወረደው። «በእኔ በር መርፌ አታልፍም!»

«መርፌ አልጠየቅኩዎትም» አለች መርማሪዋ።

እናትየዋ ምክትሉን ሰረቅ አድርጋ ታይና ዓይኗን ትሰብራለች።

መርማሪዋ ወደ ደብተሩ ተመለሰች። ከጠርዙ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት፦ «ማክሰኞ፦ ጠመኔ 1። እስኪነጋ አነበብኩ። ረቡዕ፦ ጠመኔ 1። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐሙስ፦ ጠመኔ 2።» ዛሬ ሐሙስ ነው። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ነጭ ሰሌዳ፣ ሥሩ የተደረደረ ማርከር። በልጅቷ የእስክሪብቶ መያዣ ውስጥ ደግሞ የቢጫ ፌስታል ቁራጭ አገኘች። ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው ሳይፈታ ጎኑ በመቀስ ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ፌስታል በየመተላለፊያው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አለ፤ እሱን የምታስረው እናትየዋ ናት።

ጥበቃው ቁራጩን ሲያይ ደነገጠ። «እትዬ ናት እንዴ?» ብሎ አንሾካሾከ።

መርማሪዋ አልመለሰችለትም። አራቱንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የሞተችበት ምክንያት ታውቋል» አለች። «ልጅቷን የገደላት ጠመኔ ነው።»

«ጠመኔ?» አለ ጥበቃው። «ማርከር ከመጣ ወዲህ እዚህ ጠመኔ የት አለና!»

«አቧራው አፍኗት ነው?» አለች ሲስተር። «አስም ነበረባት እንዴ?»

«ኧረ አንድ ጠመኔ ሰው አይገድልም!» አለ ምክትሉ።

መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች።

«እኔ አንድ ብያለሁ?» አለች። «ጥበቃው ጠመኔ ስል ሰሌዳ ታየው፤ ሲስተር አቧራ ታያት። እርስዎ ግን ቆጠሩት። ጠመኔ ተማሪዎቹ ለክኒኑ ያወጡለት ስም ነው። በዚህ ግቢ ሰምቼ አላውቅም ያሉት ሰው ስሙንም ልኩንም ያውቃሉ።»

«ከተማሪ ሰምቼ ይሆናል…»

«ይሁን። ይሄንንስ?» ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እናትየዋ የቋጠረችው ነው። ግን የቋጠረ ሰው መፍቻውን ያውቃል፤ መቀስ ፍለጋ አይሄድም። የቆረጠው የተቀበላት ሰው ነው። እትዬ፣ ለማን ነበር የሰጡት?»

ሴትዮዋ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። «ክኒኑን ሽንት ቤት ስጠርግ ነው ያገኘሁት፤ በፌስታል ቋጠርኩት። የልጆች መጥፊያ መሆኑን ሰምቻለሁ። ለሳቸው ሰጠኋቸው፤ ለፖሊስ እሰጣለሁ አሉኝ። አንቺ ግን አፍሽን ዝጊ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ከጠፋ ልጅሽም ከነፃው ትምህርት ትወጣለች አሉኝ።»

«ለራሷ ብዬ ነው!» አለ ምክትሉ ከረባቱን እየፈታ። «እንቅልፍ እያሸነፋት ነበር። ብታሸንፍ ከፍተኛ ትምህርትም በነፃ ትማር ነበር። በቀን አንድ ብቻ ብያታለሁ!»

«አምና እኔንም በፍጹም ብለውኛል» አለች መርማሪዋ። በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች እንዲገቡ ምልክት ሰጠች። ሰውየውን ይዘውት ሲወጡም ንዴቷ አልበረደላትም፤ ሦስቱ ስለ ትምህርት ቤቱ ስም ሲጨነቁ ስለ ልጅቷ የተጨነቀችው እናቷ ብቻ ነበረች።

እናትየዋ ቁራጩን አንስታ ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ሁለቴ የቋጠርኩት» አለች፣ «ልጅ እንዳይፈታው ብዬ ነበር።»