አንድ ሚሊዮን ከአንድ

«በመቶ አንድ ይካፈላል፣ ቲቸር!» አለች ረጅሟ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉትን 1,000,001 ትክ ብለው አዩት። ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ ከአንድና ከራሱ ሌላ የሚያካፍለው አለ ብለው ከጠየቁ ሳምንት ሆኗል።

«ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ይደርሳል። ጎበዝ! ለውድድሩ ክፍሉን የምትወክይው አንቺ ነሽ።»

ክፍሉ አጨበጨበ። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ፣ ክፍሉ «ጭምቷ» የሚላት፣ ልታወጣ የጀመረችውን እጇን ቀስ ብላ መለሰች። ታናናሾቿ እየተንጫጩባት በሦስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ እያለች ስታካፍል የከረመችው እሷ ናት። መቶ አንድ ላይ ምንም ሳይተርፋት ሲቀር ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ለረጅሟ ብቻ ሹክ አለቻት። አብረን እንናገራለን ተባብለው ነበር።

«ምነው አኮረፍሽ?» አለቻት ረጅሟ በዕረፍት ሰዓት። «አንቺ እኮ ሰው ፊት ስትቆሚ ምላስሽ ይተሳሰራል። ላንቺው ብዬ ነው። ደሞ ሼም ነው፣ በቁጥር ልንጣላ?»

ጭምቷ ፊቷን አዙራ ወደ ክፍል ገባች።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ረጅሟን ወደ ሰሌዳው ጠሩና አንድ ቢሊዮን ከአንድ ጻፉ። «እስቲ ደግሞ ይሄን።»

ረጅሟ በመቶ አንድ አካፈለችው። አሥራ አንድ ተረፈ። ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች።

ጭምቷ ግን መንገዱ ታይቷታል። መቶ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ሚሊዮን ይሆናል፤ ሺህ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ደግሞ ቢሊዮን። እንግዲህ ያኛው በመቶ አንድ ከተካፈለ ይሄኛው የሚካፈለው በሺህ አንድ ነው። ረጅሟ ዞር ብላ በከንፈሯ ብቻ «እባክሽ» አለቻት። ጭምቷ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች።

«የጠዋቱን እንዴት ነበር ያገኘሽው?» አሉ መምህሩ።

«ዝም ብሎ... መጣልኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። የረጅሟ ጆሮዎች ቀሉ። ጭምቷ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ምንም ደስ አላላትም።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረች። ጠመኔውን አንስታ ከቢሊዮኑ ሥር 1001 ብላ ጻፈች። መምህሩ ቦርሳቸውን መዝጋት ትተው በዓይናቸው ሠሩት።

«ልክ ነሽ» አሉ። ቀጥለውም፣ «የጠዋቱስ?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

በመስኮቱ ረጅሟ ትታያለች፤ እንደ ሁልጊዜው ግቢው በር ላይ ቆማ፣ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች ትጠብቃታለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለየብቻ ወደ ቤት ሄደው አያውቁም።

ጭምቷ ቦርሳዋን አነገተችና በግቢው የኋላ በር ወጣች።