የእማዬ ጉልበት

«ተንበርክከው የሚሠሩት ሥራ አለ?» ሲል ጠየቀ ዶክተር መርዳሳ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል።

«ልብስ ሳጥብ ነው» አለች ወይዘሮ ሸዋወርቅ ፈጠን ብላ።

ሎሚ አንገቷን ደፋች። እናቷ ልብስ የምታጥበው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ውሸት ስላልለመደባት ስትዋሽ ድምፅዋ ይቀጥናል።

ዶክተሩ አልትራሳውንድ የሚባለውን ማሽን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናዝሬት የመጣው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሁለት ጊዜ ራጅ ተነሥታ ሁለቴም «ደህና ነሽ» ተብላለች። ደህና የሆነች ሴት ግን ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ግድግዳውን አትይዝም። የቀበሌው ሴቶች ለልማት ሥራ ሲወጡ እሷ በመቅረቷ «ሥራ ጠል» የሚል ስም ሊወጣላት ምንም አልቀራትም ነበር።

ዶክተሩ ቀዝቃዛ ቅባት በተቀባው ጉልበቷ ላይ የማሽኑን እጀታ እያንሸራተተ ሎሚን ወደ ስክሪኑ ጠራት።

«ራጅ የሚያሳየው አጥንቱን ነው። ይህን ጥቁር መስመር አየሽ? አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚያደርገው ልም አጥንት ነው። እዚህ ጋ ሳስቷል፤ ትንሽ ውሃም ቋጥሯል። ግን ገና ጅማሬው ነው፤ በጊዜ ደርሰንበታል።»

ሎሚ እፎይ አለች። የእናቷ ሕመም እውነት ለመሆኑ ምስክር ተገኘ። ማሽኑን እንኳ ልታመሰግነው ቃጣት።

እናቷ ልብሷን ልታስተካክል ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሁለቱም ጉልበቶቻቸው ቆዳ ደድሯል። ልብስ በማጠብ እንዲህ አይሆንም። መንበርከኩን ካልተዉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም። ምን ላይ ነው የሚንበረከኩት?»

ነጭ ጋዋኑ ላይ የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ አርማ ተሰክቷል። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እነሎሚ ቤት ይሰበሰባሉ። ሬዲዮው ጮክ ብሎ ይከፈትና ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው በሹክሹክታ ይጸልያሉ፤ እናቷ ደግሞ በሌላውም ቀን ለብቻዋ ትንበረከካለች። አምና ከምእመናኑ አንዱ ጋሼ ሰንበታ እንዲህ ካለ ስብሰባ ተይዘው አራት ወር ታስረዋል። ሎሚ ብትናገር እናቷ ልትታሰር ትችላለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ጉልበቷን ታጣለች።

«ሲሚንቶ ላይ» አለች በመጨረሻ። «በየቀኑ፣ ሁለት ሰዓት ያህል።»

ዶክተሩ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ብዕሩን አንሥቶ ካርዱ ላይ ጻፈ፤ ሎሚ ተንጠራርታ አነበበችው፦ «መንስኤ፦ ልብስ ማጠብ። መንበርከክ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።»

«ተንበርክኮ የሚደረግ ነገር ወንበር ላይም ይደረጋል» አላት። «ዶክተር አዟል በያቸው።»

«ገለቶማ፣ ዶክተር» አለች ሎሚ። ከልቧ ስታመሰግን የሚቀናት በአባቷ ቋንቋ በኦሮምኛ ነው።

በጋሪ ሲመለሱ እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ምን ጠየቀሽ?»

«ሲሚንቶ ላይ እንደምትንበረከኪ ነገርኩት።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ባለጋሪውን ሰረቅ አድርጋ አይታ ልጇን ክንዷ ላይ ቆነጠጠቻት። ሎሚ ካርዱን ሰጠቻት። እናትየው ሁለቴ አነበበችው።

«አርማ አድርጎ አልነበር እንዴ?»

«አድርጓል።»

«እግዜር ውለታውን ይክፈለው» አለች ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ የቆነጠጠችውን ቦታ እያሻሸች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ተከፈተ፤ ሰዎቹም ተንበረከኩ። ሎሚ እንደ ልማዷ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መንገዱን መጠበቅ የእሷ ሥራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከመንበርከክ ስለሚያድናት ትወደዋለች። እናቷ ግድግዳውን ይዛ ወደ ሲሚንቶው ዝቅ ማለት ጀመረች።

«እማዬ፣ ዶክተሩ...»

«አምላኬን ተቀምጬ አላናግርም።»

ሎሚ ከወንበሩ ተነሣች። ደብተሩን እናቷ እጅ ላይ አኖረች።

«መንገዱን አንቺ ጠብቂ» አለቻት። «በአንቺ ቦታ እኔ እንበረከካለሁ።»

ሲሚንቶው ይቆረቁራል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ደብተሩን እንደያዘች ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።