ፈጣም ማዶ ሲዘፈን

በ1971 ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኙ በበርበሬና በዳጉሳ ማሳ ተሸፍኖ ነበር፤ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል፤ ከቡሬ በታች የሚወርደው የፈጣም ወንዝም ድምፁን ዝቅ አድርጓል። በዚያ መንገድ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና የቡሬን የኪነት ቡድን አሳፍሮ ወደ አውራጃው ውድድር ይጓዝ ነበር። ወጣቶቹ እንደታዘዙት አብዮታዊ መዝሙር እየዘመሩ ሲሄዱ፣ ከመኪናው ጥግ የተቀመጠችው የቡድኑ አንደኛ ድምፃዊት ባንቺአየሁ ብቻ አፏን አልከፈተችም። ወንድሟ ወንዳወቅ በግንቦት ተገድሎ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስም አልተለቀሰለትም።

ያለፈው ዓመት፣ 1970፣ ለዘፈን የታደለ ዓመት ነበር። ካሴት ገና እንግዳ ነገር ስለነበረ ቴፕ ያለው ሰው እንደ ባላባት ይከበራል፤ በቡሬ ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው መሐመድአወልም ከአዲስ አበባ ባስመጡት ቴፕ ምክንያት ጨርቅ ከሚገዛቸው ይልቅ ደጃቸው ላይ የሚቆመው ይበዛ ነበር። በነሐስ ባንድ የታጀበ የፍቅር ዘፈን ነበረ፤ ለከተማ ልጆች መደነሻ የሚሆን። አንድ የክራር ተጫዋች ያወጣው የአጨዳ ዘፈንም ነበረ፤ ገበሬው አህያውን አቁሞ የሚሰማው። ከሁሉ በላይ ግን «ፈጣም ማዶ» ነበረ። የቱ ይበልጣል ተብሎ በጠላ ቤቱ ሁሉ ክርክር ይነሣል፤ ወንዳወቅም፣ አስተማሪ ለመሆን የቀረበው ያ ሳቂታ ልጅ፣ «ፈጣም ማዶ»ን የማይወድ ሰው ጆሮውን ይመርመር እያለ ያስቃቸው ነበር። ዜማውን ለእኅቱ ያስጠናት እርሱ ነው።

ፈጣም ሞልቶ ሲያድር ማዶ ቀረ ዓይኔ፣
ውሃው ጎደለ አሉ፣ ልሻገር ነው እኔ።

ነገር ግን ያው ዓመት የደም ዓመትም ነበር። ወንዳወቅን በግንቦት ወር የቀበሌው ታጣቂዎች ከቤት ወሰዱት፤ ከዚያም «የአብዮቱ ጠላት ተወግዷል» የሚል ቃል ብቻ መጣ። አስከሬን አልተሰጠም፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ተዝካር አልወጣም። በአብዮቱ ጠላት ሞት ማልቀስ ክልክል ነበርና፣ ሞት እንኳ የማይነፍገው ልቅሶ ለዚያ ልጅ ተነፈገው።

እናቱ እትዬ አደይ ግን ሌላ ባይሆንላቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። በጎጃም ኀዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ አንገቷን እንዲከብ አድርጋ ትለብሳለች፤ ይህንን ያየ ሁሉ፣ የማያውቃት መንገደኛ እንኳ ቢሆን፣ ቆሞ ያጽናናታል። ነጠላቸውን እንዲያቀኑ ትእዛዝ የደረሳቸው በቅዳሜ ገበያ መካከል ነበር። ያመጣውም የቀበሌው የኪነትና የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ ምስክር ነው፤ ከወንዳወቅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ የእትዬ አደይን ቆሎ እየዘገነ ያደገ ሰው።

«እትዬ አደይ፣ ነጠላዎን ያቅኑ» አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እያየዎት ነው። እኔንም ያስጠይቁኛል።»

«ልጄን ወሰዳችሁት፣ ዝም አልሁ» አሉት እትዬ አደይ። «ልቅሶውን ደግሞ ለምን ትወስዱብኛላችሁ? ለእናንተ ምን ይረባችኋል?»

ምስክር ፈሪ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ ወደ ታጣቂዎቹ ዞሮ ተመለከተ። እትዬ አደይ በገበያው ሁሉ ፊት ነጠላቸውን አቀኑ። ከበርበሬ ሻጮቹ መካከል የነበረችው ባንቺአየሁ ይህን ሁሉ አየች። በዚያች ሰዓት የያዛት ነገር ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር።

ውድድሩ ሲደርስ ምስክር መጥቶ «ፈጣም ማዶ»ን እንድትዘፍን ነገራት። የዓመቱ ተወዳጅ ዘፈን ስለሆነ ቡሬ ያሸንፍበታል ብሎ ተስፋ አድርጓል። እንቢ ብትል የጠላት ዘመድ ተብላ እንደምትቆጠር አልደበቃትም። ቀጥሎም በገዛ አፉ ትልቁን ስሕተት ተሳሳተ። ዘፈኑ ባህላዊ ስለሆነ በካኪ ሊዘፈን አይገባም፤ ድምፃዊቷ ቀሚስና ነጠላ ትልበስ፤ ከየቀበሌው የሚመጡት የሴቶች ማኅበር አባላትም አዳራሹ እንዲያምር ሁሉም በነጠላ ይምጡ ብሎ አዘዘ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንዲሉ፣ ባንቺአየሁ የእጁን አያያዝ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

«እዘፍናለሁ» አለችው። እናቷ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ፤ ለወንድሟ ገዳዮች ልታጨበጭብ ነው ብለው አዝነው ነበርና።

«እማዬ፣ እርስዎም ይምጡ» አለቻቸው። «ከፊት ይቀመጡ። ይህን ብቻ እሺ ይበሉኝ።»

ነጠላውን የሰጠቻት የመሐመድአወል ባለቤት ኡምሀኒ ናት፤ ሁለቱ ቤቶች በአንድ አጥር ይዋሰናሉ፤ ወንዳወቅንም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት። ጥለቱ ሰፊ፣ ከሩቅ የሚታይ ነበር። ኡምሀኒ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ሰፊውን መርጬልሻለሁ» አለቻት ብቻ።

የፍኖተ ሰላም አዳራሽ ከቀትር በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት የአውራጃው ሹማምንት፣ ከኋላቸው በነጠላ ነጭ የሆኑት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ እትዬ አደይና ኡምሀኒ ከሴቶቹ በመጀመሪያው ረድፍ ነበሩ። የቡሬ ተራ ሲደርስ ምስክር ከመድረኩ ጎን ቆሞ፣ «ጓዲት ባንቺአየሁ፣ ፊትሽ ይፈታ እንጂ» አላት።

«የጠየቃችሁኝ ድምፄን ነው፣ ጓድ ምስክር፤ ፊቴ የራሴ ነው» አለችውና ወጣች።

ከመድረኩ መካከል ስትደርስ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ሳትቸኩል አዘቀዘቀችው። ማሲንቆ መቺው ቀስቱን አንሥቶ ቀረ። እርሷ ግን አልጠበቀችውም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጨፈርበት የኖረውን ዜማ ዝግ አድርጋ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ጀመረችው። ሹማምንቱ የዘፈኑ ትርኢት መስሏቸው ራሳቸውን እያወዛወዙ አዳመጡ። ሴቶቹ ግን ገባቸው፤ አዳራሹ ከኋላ ወደ ፊት ጸጥ እያለ መጣ።

የመጀመሪያው አዝማች እንዳለቀ ምስክር ወደ መድረኩ ጫፍ ተጠግቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ነጠላሽን አቅኚ» አላት በሹክሹክታ።

እርሷ የመለሰችለት ግን አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነው። «አቀናለሁ፣ ጓድ ምስክር። ማን ሞተ ብለው ነው የሚከለክሉኝ? ስሙን ለዚህ ሕዝብ ይንገሩልኝና አቀናለሁ።»

ምስክር አፉን ከፈተ። ስሙን ቢጠራ ሟች እንዳለ፣ እናትም እንዳለችው ሊመሰክር ነው፤ ባይጠራ ደግሞ የሚከለክለው ነገር የለም። የልጅነት ጓደኛውን ስም ይዞ ቆመ፤ ሊውጠውም ሊተፋውም አልቻለም። ከሹማምንቱ አንዱ «ዘፈኑ ይቀጥል እንጂ» ብሎ ሲያጨበጭብ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ያን ጊዜ ኡምሀኒ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አዞረች፤ መልሳም ተቀመጠች። ቀጥሎ አንዲት የደምበጫ ሴት፣ ቀጥሎ ከገበዘ ማርያም የመጣች ሌላ ሴት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደ ተከተለ አይታወቅም። ልጅ የተወሰደባት አንዲት ብቻ አልነበረችምና። እትዬ አደይ ከሁሉ በኋላ፣ በገበያ መካከል ያቀኗትን ያችኑ ነጠላ አዘቀዘቁ። ባንቺአየሁ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘፈነችው።

ሲበተኑ ሴቶቹ በእትዬ አደይ ፊት ተሰልፈው አለፉ። «አላህ ያጽናዎት» አለች ኡምሀኒ ቀድማ። «እግዜር ያጽናዎት፣ እግዜር ያጽናዎት» እያሉ ሌሎቹ ተከተሏት። እትዬ አደይ ከግንቦት ጀምሮ ያልሰሙትን ይህን ቃል ጎንበስ እያሉ ተቀበሉ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። ቆመው ያዩ ታጣቂዎች ነበሩ፤ ለዚያ ሁሉ ነጠላ ግን እጅ አልበቃቸውም።

ባንቺአየሁ በማግሥቱ ታሰረች፤ ከርማም ተፈታች፤ ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አልወጣችም። ቡሬ በዚያ ውድድር ምንም ሽልማት አላገኘም። ታሪክ እንደ ልማዱ ሹማምንቱንና ጦርነቱን መዘገበ፤ የዘፈን ወዳጆችም የ1970ን ምርጥ ዘፈኖች በቆጠሩ ቁጥር «ፈጣም ማዶ»ን ከሁሉ ያስቀድማሉ፤ ደስ የሚል የፍቅር ዘፈን ነው ብለው ያልፋሉ። የወንዳወቅን ስም የሚያነሣ የለም፤ የእኅቱንም እንዲሁ።

ሆኖም በቡሬ ሠርግ ቤት ይህ ዘፈን ዛሬም ሲከፈት ወጣቶቹ ለእስክስታ ይነሣሉ፤ አሮጊቶቹ ግን ተቀምጠው ይቀራሉ፤ እጃቸውም ሳያስቡት ወደ ነጠላቸው ጥለት ይሄዳል።