በራሱ ፍጥነት

ሁለተኛው ድምፅ ሲገባ ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች። አንድ ልክ ያልሆነ ነገር አለ።

የሙዚቃ ክፍሉ መስኮቶች ለፈተናው ተዘግተዋል። በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ፣ አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ ካሴት ይሽከረከራል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪዎቹ በማያውቁት ቋንቋ የኦፔራ ዜማ ይቀባበላሉ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄዎች ተጽፈዋል፦ ቴምፖው (ፍጥነቱ) ስንት ነው? ኪዩ (የዜማው መነሻ ድምፅ) ምንድን ነው? ስሜቱስ?

ልጅቷን ክፍሉ ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚላት። በር ሲጢጥ ሲል «ይሄ ፋ ነው» የምትል ዓይነት ናት። ማክሰኞ ዕለት የልብ ጓደኛዋ ፌንጣ ይህንኑ ዜማ በስልክ ልካላት ነበር። ፌንጣ የሚለው ስም የወጣላት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። «የአክስቴ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ያገኘው ነው፤ ለልምምድ ይሆነናል። አንቺ ብቻ ስሚና ንገሪኝ» አለቻት። ጆሮም ሰምታ፣ ቆጥራ ነገረቻት፤ በደቂቃ ስልሳ ሰባት ምት፣ ሬ ማይነር፣ ስሜቱ ጥድፊያ ያለበት ፍቅር።

አሁን የምትሰማው ግን ሌላ ነው። ዜማው ያው፣ ዘፋኞቹም ያው። ሴትዮዋ ከትልቁ ኖታ በፊት የምትስባት ትንፋሽ እንኳ ያችው ናት። ድምፁ ግን አንድ ቶን ሙሉ ወርዷል። ጉልበቷን በጣቷ እየመታች የግድግዳውን ሰዓት ተከተለች። ስልሳ። ዶ ማይነር።

ዝግ ሲል ስሜቱም ተገለበጠ። ማክሰኞ ሰውየው የሚያባብል መስሏት ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ቃል ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል ያስቀምጠዋል፤ ሴትዮዋም የምትመልስለት ወዳው ሳይሆን በሩ ስለተዘጋባት ይመስላል።

መምህሩ ፈተናውን ሲጀምሩ ያሉት ትዝ አላት። «እነዚህ አብረውኝ የተማሩ ሁለት ጓደኞቼ ናቸው። የቀረጽኳቸውም እኔው ነኝ። ከዚህች ካሴት ሌላ ቅጂ የትም አይገኝም።»

የትም ከሆነ የአክስት ልጅ ከየት አመጣው?

እነፌንጣ ቤት አንድ ካሴት ማጫወቻ አለ። ሞተሩ ሲቃጠል አጎቷ የሌላ ማጫወቻ ሞተር ገጠመለት፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ሩጫ ብቻ ሆኗል። ጎልማሳ ዘፋኝ ሁሉ እዚያ ቤት ሲገባ ድምፁ እንደ ሕፃን ይቀጥናል። ሁለቱ ስንት ቀን ሆዳቸውን ይዘው ስቀውበታል!

ካሴቷ ሰኞ ከሙዚቃ ክፍሉ ቁም ሳጥን ጠፍታ ረቡዕ ጠዋት ወንበር ሥር መገኘቷን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው መምህሩና ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው የፅዳት ሠራተኛ እጅ ብቻ ነው። እትዬ «ስወለውል ከፍቼ ረስቼው ይሆናል እንጂ እኔ ካሴት ምን ይሠራልኛል?» ቢሉ ማን ይስማቸው? ፈተናውን ለተማሪ አሳልፈው ሰጥተዋል ተባለ። ዛሬ ፈተናው ሲያልቅ ቁልፉን አስረክበው ከሥራ እንዲወጡ ርዕሰ መምህሩ ነግረዋቸዋል። አሁን ኮሪደሩን ለመጨረሻ ጊዜ እየወለወሉ ነው፤ የባልዲው እጀታ ሲንኳኳ ይሰማል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሌላው የማይሰማውን የምትሰማዋ ልጅ አፍንጫዋ ሥር የተሠራውን ሳትሰማ ሦስት ቀን ከረመች። በራሷ አፈረች፤ ቀጥሎም ተናደደች። ወረቀቷ ላይ ስልሳ፣ ዶ ማይነር ብላ ጻፈች። ስሜቱ በሚለው ቦታ ትንሽ ቆይታ «ማስፈራራት» አለች።

ወረቀት ተሰብስቦ ተማሪው ሲግተለተል ፌንጣ መጥታ ክንዷን ያዘች።

«ቀላል ነበር አይደል? ገና ሳይከፍቱት ጽፌ ጨርሻለሁ። ሬ ማይነር!»

«ዶ ነው።»

«ሬ ነው ያልሽኝ!»

«እናንተ ቤት ሲጫወት ሬ ነው።»

ፌንጣ ቀጥ አለች። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ጆርዬ፣ አታካብጂው በናትሽ። ለሁለት ቀን ተዋስኳት እንጂ አልሰረቅኳትም። መልሻታለሁ እኮ።»

«እትዬን እያባረሯቸው ነው።»

«ሌላ ሥራ ያገኛሉ። ዕዳው ገብስ ነው።»

«የማን ዕዳ?»

ፌንጣ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ፋይሉ ያለው አንቺ ስልክ ውስጥ ነው። መልሱን ያወጣሽውም አንቺ ነሽ። እኔ ዜሮ ካገኘሁ አንቺም ታገኛለሽ።» ሁልጊዜ የምትጣደፈው ልጅ ይህን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ነበር የተናገረችው። ጆሮ ይህን አነጋገር ዛሬ ከካሴቱ ሰምታዋለች። «በይ ነይ፣ እንውጣ።»

ጆሮ ፈራች። ዜሮውንም ፈራች፣ ጓደኛዋን ማጣትንም ፈራች። ከፌንጣ ሌላ ምሳ አብሯት የሚበላ ጓደኛ የላትም። እግሯ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመደ።

በሩ ላይ ከእትዬ ጋር ተላለፉ። የእትዬ እጅ ገና እርጥብ ነው። ከቁልፍ ማያያዣው አንዷን ለይተው በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ይኸው መምህር። የቁም ሳጥኑ ይቺ ትንሿ ናት። በሩን ወደ ላይ ሳብ ካላደረጉት አትከፍትም፤ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

መምህሩ ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።

ጆሮ ክንዷን ቀስ አድርጋ ከፌንጣ እጅ አወጣች። ተመልሳ ሄዳ ስልኳን ከካሴት ማጫወቻው ጎን አስቀመጠች።

«መምህር፣ እትዬ ሳይሄዱ ካሴቷን አንድ ጊዜ ይክፈቱልኝ። ከዚያ ደግሞ እኔ ጋ ያለውን ይሰማሉ፤ በማን ቤት ማጫወቻ እንደተቀዳ ፍጥነቱ ይናገራል።»

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩዋት። ከበሩ በኩል «ጆርዬ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ዞር አላለችም። ካሴቱ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጆሮ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ፣ ሴትዮዋ ያቺን ትንፋሽ እስክትስብ ጠበቀች።