መልሱ የታወቀ ጥያቄ

ነገሩ የተበላሸው ቤርሳቤህ ቤቷ ሳትደርስ «ገባሁ» ስላለች ነው። ያለችውም ራሷ አይደለችም፤ በስሟ መልስ እንዲጽፍ የሠራችው ቦት ነው። ተስፋሁን ለአባቷ ሽማግሌ ሊልክ በተዘጋጀበት ሳምንት፣ «አሁን ገባሁ፣ ደህና እደር» የሚለው መልእክት ስልኩ ላይ ሲደርስ እሷ ፊት ለፊቱ ቆማ ከጃኬቷ ላይ ዝናብ ታራግፍ ነበር።

የማያውቃት ሰው ስንፍና ይለው ይሆናል። ሰነፍስ አይደለችም። የሌላት ትዕግሥት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ቀን ቀን አንድ የሶፍትዌር ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ማቲ ከሚባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር «ኮድ ከዜሮ» የተባለ የቴሌግራም ግሩፕ ትመራለች። ግሩፑ ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩ ጀማሪዎች የተከፈተ ነው። በየቀኑ አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ፤ በየቀኑም እነዚያኑ ጥያቄዎች ይጠይቃሉ። ከየት ልጀምር? ላፕቶፕ የለኝም፣ በስልክ ይቻላል? ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፣ ይሆንልኛል?

መጀመሪያ ላይ ለያንዳንዱ ትመልስ ነበር። ቀጥሎ አንድ ረጅም መልስ ጽፋ ከግሩፑ አናት ላይ ፒን አደረገችው። ሰዉ ግን ፒን የተደረገውን እያለፈ መጠየቁን አልተወም። በመጨረሻ በሰው ፈንታ የሚመልስ ፕሮግራም ሠራች፤ ስሙንም «ዘበኛው» አለችው። ዘበኛው የተለመደ ጥያቄ ሲያይ የተዘጋጀውን መልስ ይሰጣል። ሲደገም ያስጠነቅቃል። ለሦስተኛ ጊዜ የጠየቀውን ከግሩፑ ያስወጣል።

«አንቺ እኮ የመንግሥተ ሰማያት በር ላይ ብትቆሚ ማንም አይገባም» አላት ማቲ።

«ፒን የተደረገውን ያነበበ ይገባል» አለችው።

ከተስፋሁን ጋር የተገናኙት ሽሮ ሜዳ ነው። ለአክስቷ ልጅ ሰርግ የሚሆን ቀሚስ ለመግዛት ወጥተው፣ እናቷ ወይዘሮ እፀገነት ሱቅ ለሱቅ ሲያዞሯት ከዋሉ በኋላ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ገቡ። ከጀርባ የሽመና ክፍል አለ፤ የመወርወሪያው ድምፅ በስሱ ግድግዳ በኩል ይሰማል። ሻጩ እጅጌውን የጠቀለለ፣ ረዘም ያለ ወጣት ነው።

«ይሄ የእጅ ነው የማሽን?» አሉ እናቷ።

«የእጅ ነው እናቴ። የሠራው ሰውዬ ከጀርባ አለ፤ ካላመኑኝ ልጥራልዎት። አባቴ ነው፤ ሥራ ላይ ሲጠሩት ግን ይቆጣል።»

ከነሱ ኋላ የገባች ሴት ያንኑ ጠየቀች። ለሷም እየሳቀ ሌላ መልስ ሰጣት። ሦስተኛዋ ገብታ ያንኑ ስትጠይቅ ቤርሳቤህ አልቻለችም።

«ለምን ጽፈህ አትለጥፈውም?»

«ምኑን?»

«‹የእጅ ሥራ ነው› ብለህ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቅህ።»

«ብለጥፈውማ ‹የተለጠፈው እውነት ነው ወይ?› ይሉኛል።»

እናቷ ሳቁ። ቤርሳቤህ ግን ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኩ ሄዶ ነበር። የተከፈተው የራሷ ጽሑፍ ነው፤ ያ ፒን ያደረገችው።

«ይሄን ታነባለህ?»

«ልማር ብዬ ነዋ። የአባቴን ሥራ በኢንተርኔት ልሸጥ አስቤ።»

«እና ጽሑፉ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። የጻፈው ሰው ግን ታክሲ ሊያመልጠው ሲል የጻፈው ይመስላል። ሰላምታ እንኳ የለውም።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይል ነበር። እሱ ወደ ጽሑፉ፣ ከዚያ እንደገና ወደሷ አየ።

«ታዲያ» አለ በመጨረሻ፣ «ታክሲው ደረሰልሽ?»

ያን ጊዜ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ሰው ነው። ታስተምረው ጀመር። እሱ ጥያቄ አያልቅበትም፤ ዘበኛው አንዴ ከግሩፑ አስወጥቶት ራሷ መልሳ አስገብታዋለች። ከሥራ ስትወጣ ሽሮ ሜዳ ትወርድና ሱቁ ውስጥ ካለችው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ይሸጣል፣ እሷ ሻጭና ገዢ ስንት ቃል እንደሚያባክኑ እየታዘበች ትበሳጫለች፤ ደንበኛ በሌለ ጊዜ ዝም ብለው ይተያያሉ። ሲመሽ ወደ ቁስቋም የሚሄድ ታክሲ ትይዛለች። ከታክሲ ወርዳ ሰፈሯ እስክትደርስ ያለው ዳገት መብራት የለውም። ስለዚህ ተስፋሁን ሁልጊዜ ይጽፍላታል፦ «ገባሽ?»

በመጀመሪያዎቹ ወራት ደስ እያላት ትመልስ ነበር። የጎረቤት ውሻ እንዴት እንደጮኸባት ሁሉ ትጨምርበት ነበር። በኋላ «አዎ» ብቻ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ቢሮ ውስጥ ሥራ በሌለበት ከሰዓት፣ አሰበችበት። ጥያቄው አንድ ነው። መልሱም አንድ ነው። ለዘበኛው ታናሽ ወንድም ሠራችለት፤ «ገባሽ?» የሚል መልእክት ሲመጣ በሷ ስም የሚመልስ። እንዳይነቃባት ትንሽ እንዲቆይ አደረገችው። ቃሉንም አለዋወጠችለት፦ ገብቻለሁ፤ ደረስኩ፤ አሁን ገባሁ፣ ደህና እደር። ክረምቱን ሙሉ ያለ አንድ ስህተት ሠራ። ማታለል መስሎ አልታያትም፤ ሁልጊዜም በሰላም ትገባ ነበርና።

መስከረም ሲጠባ ተስፋሁን ሽማግሌ ሊልክ ወሰነ። ቀኑም እሑድ ተባለ። ቤርሳቤህ የሽምግልናውን ሥርዓት ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«ሽማግሌዎቹ በር ላይ ይቆማሉ፤ አባቴ የመጡበትን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ‹ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?› ይላል፤ ‹ልጅዎን ለልጃችን› ይሉታል፤ ‹እንጸልይበት፣ ተመለሱ› ይላቸዋል። ሲመለሱ እንደገና ያንኑ ይጠይቃል! መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለምን አይደውሉም?»

«በስልክ የተጠየቀች ልጅ በስልክ ትመለሳለች» አሉ እናቷ፣ ከሚከትፉት ሽንኩርት ላይ ቀና ሳይሉ።

በዚያው ሳምንት ነው ያ ዝናብ የጣለው። ታክሲ ጠፋ። ቤርሳቤህ ሰልፉ ላይ ቆማ ቆማ ተስፋ ስትቆርጥ ወደ ሱቁ ተመለሰች። የሱቁ በር ገና አልተዘጋም ነበር። ተስፋሁን ስልኩን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ተመለስሽ!» አለ ደስ ብሎት። «ቅድም እኮ ‹ገባሽ?› ብዬ ጻፍኩልሽ፤ ታክሲ የያዝሽ መስሎኝ።»

ስልኩ ጮኸ። አየው። ድምፁን ሳይለውጥ አነበበው።

«‹አሁን ገባሁ፣ ደህና እደር።›»

የሷ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ማለቴ... እኔ የሠራሁት ነው።» ለአለቃዋ እንደምታስረዳ አጠር አድርጋ አስረዳችው። እሱም ለመረዳት የሚበቃውን ያህል ተምሯል፤ ያስተማረችው ራሷ ናት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምቱ መግቢያ።»

«ቆይ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመልሰው።»

«እንዲቆይ አድርጌው ነው።»

«መዘግየትም አስተማርሽው?»

ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ይሄን በር የምዘጋው መልስሽ ሲመጣ ነው» አለ። «አባቴ ከውስጥ ‹ገባች?› ይለኛል። ‹ገባች› እለዋለሁ። ‹ተመስገን› ይላል። ከዚያ ዘግተን እንሄዳለን።»

«ግን እኮ እውነት ነበር! ሁልጊዜም ገብቻለሁ። ዛሬ ብቻ ነው...»

«ዛሬ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ? እኔ ተመስገን ብዬ በሩን ዘግቼ ነበር።»

አልጮኸባትም። ቢጮኽባት መልስ ነበራት። ጃንጥላ ዘርግቶ ዝናቡ ውስጥ ታክሲ ፈልጎ አገኘላት፤ አስቀመጣት። በመስኮቱ በኩል «የእሑዱ ይቆይ» አላት።

ያን ምሽት «ገባሽ?» የሚል መልእክት አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ቦቱን አጠፋችው፤ የሚመልሰው ነገር ስላልነበረ ግን ማጥፋቷም ምንም አልለወጠ። እናቷ ስለ እሑዱ እንግዶች ሲጠይቋት «ይቆይ ተብሏል» ብላ ክፍሏ ገባች። ወይዘሮ እፀገነት ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ይህም አናደዳት።

ግሩፑ ውስጥ ሁሉም እንደወትሮው ነው። ረይሃና የምትባል አዲስ ልጅ ከየት እንደምትጀምር ጠየቀች። ዘበኛው መለሰላት። ደግማ ጠየቀች። ዘበኛው አስጠነቀቃት። ቤርሳቤህ ሦስተኛው ከመምጣቱ በፊት በራሷ ጣት ጻፈች፦ «ረይሃና፣ መልሱ ከላይ አለልሽ። አንብቢው።»

«ሁለቴ አንብቤዋለሁ» አለች ረይሃና። «አንቺ ማሽኑ ነሽ ወይስ ሰው?»

«ሰው ነኝ።»

«እውነት?»

«እውነት።»

«እሺ በቃ። ነገ እጀምራለሁ።»

ቤርሳቤህ ስልኩን አፍጥጣ አየችው። አንድም አዲስ ነገር አልነገረቻትም። ልጅቷ ግን መልስ አግኝታ ሄደች። ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ እንደማይታይ ፕሮግራም ነገሩ ሲያበሳጫት ዋለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽሮ ሜዳ ወረደች። የምትለውን በመንገድ አዘጋጅታ ነበር፤ የሱቁ በር ላይ ስትደርስ ግን ከተስፋሁን ጋር አባቱ አቶ በድሉም ቆመው አገኘቻቸው። በጆሯቸው ላይ የቀረ የጥጥ ብናኝ አለ። ተቀመጪ ያላት የለም። እሷም በር ላይ ቆመች።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አሉ አቶ በድሉ።

ያውቃሉ። እንደሚያውቁም ታውቃለች። ተስፋሁን የታጠፈ ነጠላ ዘርግቶ እንደገና ያጥፋል። «አያውቁትም እንዴ?» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ልጅዎን እወደዋለሁ። ሽማግሌዎቹ እንዲመጡ እፈልጋለሁ።»

ነጠላ ማጠፉ ቆመ። 

«ለማሽን ተመስገን አስባልሽኝ» አሉ አቶ በድሉ። «ክረምቱን ሙሉ!»

«አዎ፣ አባባ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ማን?»

«ማሽኑ።»

«ስም የለውም።»

«ስም እንኳ የለውም!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ዋናው ጥፋት ስም ማጣቱ የሆነ ይመስል። «ያ ጎረቤታችን ጉታ ደግሞ ሽማግሌ ትሆናለህ ብዬው ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ‹መቼ ነው?› እያለ በየቀኑ ይደውልልኛል። በየቀኑ ‹ይቆይ› እለዋለሁ። እናንተ ተነጋገሩ፤ እኔ ሥራ አለብኝ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። የመወርወሪያው ድምፅ ቀጠለ፤ ከወትሮው ግን ቀሰስ ያለ ነው። እያዳመጡ ነው።

«የኔ ጥያቄ ይሰለቻል?» አላት ተስፋሁን።

«አዎ» አለችው። ልትዋሸው አልፈለገችም። «ዝንተ ዓለም አንድ ጥያቄ! እኔም ቶሎ ይሰለቸኛል፤ ይሄ የሚለወጥ አይመስለኝም። ግን ያልጻፍክ ሰሞን ዳገቱን ስወጣ ስልኬን በእጄ ይዤ ነው። ቤት ገብቼም መግባቴን ሰው ያላወቀ መሰለኝ። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ!»

አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ሊደብቅ ሞከረ።

«አሁንም ሰላምታ የለውም» አለ።

«ምኑ?»

«ይቅርታሽ። ስትመጪ ሰላም እንኳ አላልሽም።»

በረጅሙ ተነፈሰች። «ሰላም ተስፋሁን።»

«ሰላም ቤርሲ።»

አያት። አየችው። የመወርወሪያው ድምፅ ጭራሽ ቆሟል።

«አባትሽ መጀመሪያ ይመልሷቸዋል፣ አይደል?»

«‹እንጸልይበት› ብሎ። እንደገና ላኳቸው።»

«እንደገና ያንኑ ይጠይቃሉ?»

«ያንኑ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ጓዳ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ።»

«ጉታ ይምጣ ወይስ ይቆይ?» አሉ አቶ በድሉ ከግድግዳው ወዲያ።

«ይምጡ!» አሉ ሁለቱም።

ውጭ «ቁስቋም! ቁስቋም!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ሰማዩ ጠቁሯል። ቤርሳቤህ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ እንደልማዷ እየቸኮለች።

«ስትገቢ...» አለ ተስፋሁን፣ ቀሪውን ልበለው አልበለው እያመነታ።

«ጠይቀኝ» አለችው፤ ወጥታም በሩን ዘጋችው።